«የረቂቅ ተሕዋስያን አዳኞች» እና ያልተጻፈው አሥራ ሦስተኛ ምዕራፍ

ፖል ደ ክራይፍ «ማይክሮብ ሀንተርስ» ብሎ የሰየመው፣ በአማርኛ «የረቂቅ ተሕዋስያን አዳኞች» ልንለው የምንችለው መጽሐፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1926 ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) አንድ መቶ ዓመት ያህል መነበብ ስለ ሳይንስ ለተጻፈ መጽሐፍ ቀላል ዕድሜ አይደለም። በዚያው ዘመን የወጡትን የባክቴሪዮሎጂ መማሪያዎች ዛሬ ከታሪክ አጥኚ በቀር የሚገልጣቸው የለም። ይህኛው ግን በልዩ ልዩ ቋንቋዎች እየተተረጎመ፣ በየትውልዱ አዲስ አንባቢ እያፈራ ዘልቋል። አልበርት ሳቢን የጥርስ ሕክምና ትምህርቱን ትቶ ወደ ሕክምናና ወደ ረቂቅ ተሕዋስያን ጥናት እንዲዞር ያደረገው ይህ መጽሐፍ ነበር፤ በአፍ የሚሰጠውን የፖሊዮ ክትባት ያስገኘው ይኸው ሰው ነው። በባክቴሪያዎች መካከል የዘረ መል ልውውጥ መኖሩን አሳይቶ በ1958 የኖቤል ሽልማት የተካፈለው ጆሹዋ ሌደርበርግም በልጅነቱ ካነበባቸው መጻሕፍት መካከል ይህንኑ በተለይ ያነሣ ነበር።

አንድ መጽሐፍ የተመራማሪዎችን ዝንባሌ ይህን ያህል የሚመራ ከሆነ፣ ወዴት እንደሚመራቸው መጠየቅ የተገባ ነው። የምርምር ዝንባሌ ሲባል ብዙውን ጊዜ በሥራ ማመልከቻ ላይ ከስም በታች የሚሰፍር አንድ መስመር ብቻ ይመስለናል። ነገር ግን የትኛው በሽተኛ ጥያቄ እንደሚሆን፣ የትኛው ደግሞ ሳይጠየቅ እንደሚቀበር የሚወሰነው በዚያች መስመር ነው። ስለዚህ ይህን አሮጌ መጽሐፍ እንደገና ማንበብ ለታሪክ ፍቅር ብቻ የሚደረግ ነገር ሊሆን አይችልም።

ደራሲው ከውጭ ቆሞ የሚመለከት ጋዜጠኛ አልነበረም። በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ በፍሬደሪክ ኖቪ ሥር ተምሮ በ1916 የዶክትሬት ዲግሪውን የተቀበለ፣ ከዚያም በኒው ዮርክ በሮክፌለር የሕክምና ምርምር ተቋም የሠራ ባክቴሪዮሎጂስት ነበር። የዘመኑን ሐኪሞች የሚነቅፍ ጽሑፍ በማውጣቱ በ1922 ከተቋሙ ተሰናበተ። ከዚያ በኋላ ሲንክሌር ሉዊስ «አሮውስሚዝ» የተባለውን ልብ ወለድ ሲጽፍ የሳይንሱን ጉዳይ በሙሉ ያቀበለው እርሱ ነው። ልብ ወለዱ በ1925 ወጣ፤ በዓመቱ ደ ክራይፍ የራሱን መጽሐፍ አስከተለ።

መጽሐፉ አሥራ ሁለት ምዕራፎች አሉት። በደች አገር ጨርቅ ነጋዴው ሌቨንሁክ በገዛ እጁ በሠራው ሌንስ የዝናብ ውኃ ሲመረምር ይጀምርና፣ ፓውል ኤርሊኽ 606 ቁጥር የተሰጠውን የቂጥኝ መድኃኒት ሲያገኝ ይፈጸማል። በመካከሉ ስፓላንዛኒ፣ ፓስተር፣ ኮኽ፣ ሩ እና ቤሪንግ፣ ሜችኒኮፍ፣ ቲዎባልድ ስሚዝ፣ ብሩስ፣ ሮስ እና ግራሲ፣ ዋልተር ሪድ ይሰለፋሉ። አጻጻፉ ፈጣንና ሞቅ ያለ ነው። ከሁሉ በላይ የሚደነቅለት ሰዎቹን ቅዱሳን አድርጎ አለማቅረቡ ነው። ይቀናናሉ፤ ይጣላሉ፤ ይሳሳታሉ፤ አንዳንዴም ውጤታቸውን ከሚገባው በላይ ያጋንናሉ። ላቦራቶሪ የገባ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን፣ መጽሐፍ ግን ብዙ ጊዜ የማይነግረንን ድካም ጽፎታል፦ የማይበቅለውን ባክቴሪያ መጠበቁን፣ የተበላሸውን ሙከራ እንደገና ከመጀመሪያው ማንሣቱን።

ለዚህ ጸሐፊ የመጽሐፉ ምርጥ ክፍል ስለ ቲዎባልድ ስሚዝ የሚተርከው ነው። ከአሜሪካ ደቡብ የሚነዱ ከብቶች ራሳቸው ጤነኞች ሆነው፣ ወደ ሰሜን ሲደርሱ ግን የሰሜኑን ከብት በትኩሳትና ደም በቀላቀለ ሽንት ይፈጁት ነበር። ከብት አርቢዎቹ ነገሩ የመዥገር ነው ይሉ ነበር። ምሁራኑ ይህን ሰምተው ሣቁ። ስሚዝ አልሣቀም። ከእንስሳት ሐኪሙ ከኪልቦርን ጋር ሆኖ መስክ አጠረ፤ በአንዱ መዥገር ያለባቸውን የደቡብ ከብቶች ከሰሜኖቹ ጋር አኖረ፤ በሌላው መዥገሩን በእጅ ለቅሞ አኖረ፤ በሌላው ደግሞ ከብት ሳያስገባ መዥገሩን ብቻ በሣሩ ላይ በተነ። ውጤታቸው በ1893 ታተመ። ተሕዋሲን የሚያስተላልፍ ነፍሳ መሰል ተባይ መኖሩ በዚያ ከብት በረት ውስጥ ሲረጋገጥ፣ የወባና የትንኝ ነገር ገና አልተቋጨም ነበር። ዝንባሌ እንዴት እንደሚወለድ የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ በመጽሐፉ ውስጥ የለም፤ ጥያቄው የመጣው ከላቦራቶሪ ውጭ ነው፤ ያመጡትም መዥገሩን በየቀኑ የሚነቅሉት ሰዎች ናቸው።

ነገር ግን መጽሐፉ ይህን ምሳሌ ካቀረበ በኋላ ራሱ አይከተለውም። ደ ክራይፍ እንደሚተርከው ተመራማሪ ማለት በውስጡ የሚነድ እሳት ያለው ብቸኛ ሰው ነው፤ እሳቱ ወደ ወሰደው ይሄዳል። የራሱ ገጾች ግን ሌላ ይመሰክራሉ። ፓስተር ወደ ጥቃቅን ሕያዋን የገባው በወይንና በቢራ መበላሸት፣ በሐር ትል ደዌ፣ በኋላም የበግና የከብት ባለቤቶችን ባከሰረው በአባ ሰንጋ በኩል ነው። ዴቪድ ብሩስ የእንግሊዝ ጦር ሐኪም ነበር፤ በ1894 ወደ ዙሉላንድ የተጠራው እኛ ገንዲ የምንለው ዓይነት በሽታ ከብቱን ስለ ጨረሰ ነው፤ የጠራውም የቅኝ ግዛቱ ገዥ ነው። ዋልተር ሪድ በ1900 ስለ ቢጫ ወባ ሊመረምር ወደ ኩባ የተላከው አገሪቱን በያዘው የአሜሪካ ጦር ነው፤ የኩባው ሐኪም ካርሎስ ፊንላይ ግን ነገሩ የትንኝ መሆኑን ከ1881 ጀምሮ ሲናገር ነበር። እሳቱ አልነበረም ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ለእሳቱ እንጨት የሚያቀርብ ነበረ፤ ማን እንዳቀረበም መጽሐፉ ያነሣዋል እንጂ አይጠይቅበትም።

ሌላው ጉድለት የሰዎቹ ነገር ነው። ሮናልድ ሮስ በነሐሴ 1897 በሴኩንደራባድ በትንኝ ሆድ ዕቃ ውስጥ የወባን ተሕዋሲ ሲያይ፣ ትንኞቹ የጠገቡት ከሁሴን ኻን ደም ነበር። ሁሴን ኻን ለነከሰችው ለእያንዳንዷ ትንኝ አንድ አና ተከፍሎታል። በካልካታ የወፎቹን ሙከራ ያገዘው ደግሞ መሐመድ ቡክስ የሚባል ረዳት ነበር። እንዲህ ያሉ ሰዎች በደ ክራይፍ ትረካ ውስጥ ያላቸው ቦታ ጠባብ ነው። አፍሪካውያንና ሕንዶች በሚነሡባቸው ገጾች የተጠቀመባቸው ቃላትም ዛሬ ለተማሪ ጮኾ ማንበብ የሚያሳፍሩ ናቸው። በነገራችን ላይ ሮስ ስለ ራሱ በተጻፈው ምዕራፍ ተቆጥቶ ነበርና በእንግሊዝ አገር እትም ያ ምዕራፍ እንዲወጣ ተደርጓል። የኖቤል ተሸላሚው ስለ ስሙ ይህን ያህል ማስደረግ ችሏል። በብሩስ ምዕራፍ ውስጥ ስማቸው እንኳ ያልተጠራው የኡጋንዳ ሰዎች ግን አቤት የሚሉበት አልነበራቸውም።

እነዚህ ነቀፋዎች በሌሎችም የተነሡ ናቸው። ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን የሙያው ጉዳይ ነው። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ታሪክ የሚያበቃው ተሕዋሲው በማይክሮስኮፕ ሥር ሲታይ፣ ወይም የሚገድለው መድኃኒት ሲገኝ ነው። በመካከል ያለው የሕሙሙ አካል ጸጥ ያለ የጦር ሜዳ ሆኖ ቀርቷል። ሜችኒኮፍ በ1882 በመሲና የባሕር ኮከብ እጭ ላይ እሾህ ወግቶ ተንቀሳቃሽ ሕዋሳት እሾሁን ሲከቡት ያየ ሰው ነው፤ የኢሙኖሎጂ አንዱ ምሰሶ የቆመው በዚያ ነው። ደ ክራይፍ ግን በስሜት ማዕበል የሚንገላታ የልብ ወለድ ገጸ ባሕርይ አስመስሎ ስላቀረበው አንባቢው ሰውየውን ያስታውስና ሐሳቡን ይረሳዋል። የኤርሊኽም ምዕራፍ ክብደቱ ሁሉ ያረፈው በ606 ላይ ነው፤ ኤርሊኽ ከሜችኒኮፍ ጋር የ1908ን የኖቤል ሽልማት የተካፈለው ግን ስለ በሽታ መከላከል ባደረገው ጥናት እንጂ ስለ መድኃኒቱ አልነበረም።

ይህን ይበልጥ የሚያስገርም የሚያደርገው የደራሲው የራሱ ሥራ ነው። ደ ክራይፍ ከመምህሩ ከኖቪ ጋር በ1917 ያሳተማቸው ጥናቶች ስለ አናፊላቶክሲን ነበሩ። የእንስሳው የገዛ ሴረም ከአንዳንድ ባዕድ ነገሮች ጋር ሲገናኝ ራሱ መርዝ ሆኖ እንስሳውን በደቂቃዎች ውስጥ ሊገድለው ይችላል። ዛሬ የኮምፕሊመንት ፕሮቲኖች ስብርባሪ መሆናቸውን የምናውቀውን ነገር ነበር የሚያሳድደው። ማለት የሰውነት መከላከያ ሰውነትን እንዴት እንደሚጎዳ በእጁ ይዞ ያየ ሰው ነው። መምህሩ ኖቪም ቀደም ብሎ በ1906 የሚያገረሽ ትኩሳትን ጠመዝማዛ ባክቴሪያ ያጠና ሰው ነበር። ከሁለቱ አንዱም በመጽሐፉ ውስጥ ምዕራፍ አላገኘም። አደን ሆኖ ለመተረክ የማይመቹ ጉዳዮች ናቸውና፣ የተተዉት በዚህ ይመስለኛል።

ስለዚህ መጽሐፉ አሥራ ሦስተኛ ምዕራፍ ቢኖረው ብዬ አስባለሁ፤ ስለ ኖቪ ባክቴሪያ፣ ማለትም በቅማል ስለሚተላለፈው፣ ብዙዎቻችን ግርሻ ስለምንለው ትኩሳት። በአገራችን የጤና ባለሙያ ዘንድ ይህ በሽታ ማስተዋወቅ የሚያሻው አይደለም። ክረምት ሲገባ፣ ሰው ከብርድ ሸሽቶ በጠባብ ማደሪያ ሲታጨቅ፣ የለበሰው ልብስ ሳይታጠብ ሲሰነብት ቅማል ይራባል። የሚታመመውም የቀን ሠራተኛው፣ የጎዳና ተዳዳሪው፣ እስረኛውና የቆሎ ተማሪው ነው።

ምዕራፉ የሚጀምረው በበርሊን ይሆናል። ኦቶ ኦበርማየር በ1868 በታማሚዎች ደም ውስጥ የሚገላበጡ ቀጫጭን ክሮች አየ፤ እስከ 1873 ድረስ ግን አላሳተመውም። በዚያው ዓመት በኮሌራ ሞተ። ኮኽ የአባ ሰንጋን ባክቴሪያ የሕይወት ዑደት ያሳየው በ1876 መሆኑን ስናስታውስ፣ የኦበርማየር ክሮች ከሰው በሽታ ጋር ከተያያዙት የመጀመሪያዎቹ ተሕዋስያን አንዱ ናቸው። ቀጥሎ ኦዴሳ ይመጣል። በ1881 ሜችኒኮፍ፣ በሐዘንና በተስፋ መቁረጥ ውስጥ ሳለ፣ የታማሚ ደም በራሱ ላይ ወግቶ በጠና ታመመ፤ ተረፈም። የባሕር ኮከቡ ሙከራ የተደረገው በቀጣዩ ዓመት ነው። ከዚያ ቱኒስ። ሻርል ኒኮልና ባልደረቦቹ በ1912 ቅማሏ በሽታውን የምታስተላልፈው ስትነክስ ሳይሆን ስትደቆስ፣ በውስጧ ያለው ፈሳሽ በተቧጨረ ቆዳ ሲገባ መሆኑን አሳዩ። እስከዚህ ድረስ ደ ክራይፍ ራሱ ሊጽፈው ይችል ነበር፤ አዳኝ አለ፤ ታዳኝ አለ፤ የመተላለፊያው ምስጢርም ተፈትቷል። በእርሱ አሠራር ምዕራፉ እዚህ ላይ ይዘጋል።

በሕሙሙ አልጋ አጠገብ ግን ሁለቱ ከባድ ጥያቄዎች ገና አልተነኩም ነበር። ትኩሳቱ ለምን ሄዶ ይመለሳል? ደግሞስ ሕሙሙ መድኃኒቱ በተሰጠው በአንድ ወይም በሁለት ሰዓት ውስጥ ለምን እንዲያ ይንዘፈዘፋል?

የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ በአብዛኛው የተገኘው በአሜሪካ፣ በሞንታና ግዛት በሃሚልተን ከተማ ባለው የሮኪ ማውንቴን ላቦራቶሪ ነው። በ1982 ስቶነርና ባልደረቦቹ በመዥገር የሚተላለፈውን የአሜሪካኑን ዘመድ ይዘው፣ ከአንዲት ነጠላ ባክቴሪያ ተነሥተው የውጭ ፕሮቲናቸው የተለያየ 24 ዓይነቶች አገኙ። ሰውነት አንቲቦዲ ሠርቶ አንደኛውን ሲያጠፋ፣ ልብሱን የለወጠ ሌላ ይነሣል፤ ግርሻውም ይኸው ነው። ይህን ያጠኑት ሰዎች ያሳሰባቸው የቀን ሠራተኛው ሕሙም አልነበረም፤ ዘረ መል እንዴት ቦታ እንደሚለዋወጥ ማወቅ ነበር ዝንባሌያቸው። እንዲያም ሆኖ ለእኛ ሕሙማን በሽታ ትርጉም የሰጡት እነርሱ ናቸው። ስለዚህ «ለአገር የሚጠቅመውን ብቻ አጥኑ» የሚለው የስብሰባ ንግግር ሲደጋገም ሙሉ በሙሉ መስማማት ያቅተኛል።

ሁለተኛው ጥያቄ የተያዘው በአዲስ አበባ ነው። ያሪሽ በ1895፣ ሄርክስሃይመር በ1902 በቂጥኝ ታካሚዎች ላይ የገለጹት ከመድኃኒት በኋላ የሚመጣ መናወጥ በግርሻ ታማሚዎች ላይ እጅግ ይበረታል፤ ትኩሳቱ ያሻቅባል፤ ከዚያ የደም ግፊት ይወርዳል፤ አንዳንዱም በዚያው ይሞታል። ብራይሰን፣ ፓሪ፣ ፔሪን፣ ዋረልና ባልደረቦቻቸው በ1970 ያሳተሙት የ62 ሕሙማን ጥናት እስከ ዛሬ ሊነበብ የሚገባው ነው። ሕሙሙን በየሰዓቱ እየተከታተሉ፣ ልቡን፣ ግፊቱን፣ ደሙን እየለኩ ጽፈውታል። መድኃኒቱ ጠላትን ሲገድል የሚፈጠረውን ግርግር ከሰው አካል ወገን ሆነው አይተውታል፤ ደ ክራይፍ የዘለለውን ወገን ማለት ነው።

ከዚያ ነገሩ ወደ ኢሙኖሎጂ ገባ። በ1992 የወጣ ጥናት ከሕክምናው በኋላ ቲውመር ኔክሮሲስ ፋክተር፣ ኢንተርሉኪን 6 እና 8 የተባሉት የሰውነት መልእክተኛ ፕሮቲኖች በደም ውስጥ ከመናወጡ ጋር አብረው ሽቅብ እንደሚወጡ አሳየ። በ1996 ደግሞ ዶክተር ዳንኤል ፈቃደና ባልደረቦቻቸው በ49 ሕሙማን ላይ ያደረጉትን ጥናት አሳተሙ። ከፔኒሲሊን በፊት በበግ ውስጥ የተዘጋጀ የቲውመር ኔክሮሲስ ፋክተር ማርከሻ ከተሰጣቸው 20 ሕሙማን መካከል መናወጡ የደረሰባቸው 10 ሲሆኑ፣ ካልተሰጣቸው 29 መካከል ግን 26ቱ ተናወጡ። በ1998 ደግሞ ፕሮቲኑን እንዲፈልቅ የሚያደርገው የባክቴሪያው ክፍል ተለየ፤ ከእነዚያ ልብስ ከሚለዋወጥባቸው የውጭ ፕሮቲኖች ወገን ሆኖ ተገኘ። ሞንታና ላይ ስለ ግርሻው የተጠየቀውና አዲስ አበባ ላይ ስለ መናወጡ የተጠየቀው በአንድ ሞለኪውል ላይ ተገናኙ። ከመጽሐፉ አሥራ ሁለት ምዕራፎች ይህን ያህል የሚያምር መጋጠሚያ ያለው አንድም አላገኘሁም።

የ1996ቱ ጥናት ግን ከአድናቆት ጋር ጥያቄም ያስነሣል። በዚያ ዘመን በአሜሪካና በአውሮፓ የቲውመር ኔክሮሲስ ፋክተር ማርከሻ በደም መመረዝ ሕሙማን ላይ በብዙ ወጪ ተሞክሮ የታሰበውን ያህል ሞትን ሳይቀንስ ቀርቶ ነበር። ከችግሮቹ አንዱ ሕሙሙ ወደ ሆስፒታል ሲደርስ ፕሮቲኑ አስቀድሞ ፈልቆ ማለቁ ነው። በግርሻ ሕሙም ላይ ግን መናወጡ መቼ እንደሚመጣ አስቀድሞ ይታወቃል፤ ማርከሻውን ከመነሣቱ በፊት መስጠት ይቻላል። በመሆኑም የእኛ ሕሙም ለሌላው ዓለም ጥያቄ የተመቸ «ሞዴል» ሆነ። ቃሉ በሳይንስ ነውር የለበትም፤ ጥናቱም ሕሙማኑን ከሚያሠቃይ መናወጥ ያሳረፈ ነው። ነገር ግን ማርከሻው የግርሻ ሕክምና ሆኖ ወደ ጤና ጣቢያ አልወረደም። በቤተሰቡ ካሉ መድኃኒቶች አንዱ፣ ኢንፍሊክሲማብ፣ በሌላ የጥናት መንገድ መጥቶ በአሜሪካ በ1998 ለክሮን በሽታ፣ በ1999 ለመገጣጠሚያ ብግነት ተፈቀደ። በአዲስ አበባ የተገኘው ዕውቀት ትልቅ ነው፤ «ታዲያ የበግ ማርከሻ የሌለው የጤና መኮንን ለዚህ ሕሙም ምን ያድርግ?» የሚለው ቀጣይ ጥያቄ ግን ያንን ያህል ጠያቂ አላገኘም።

የዝንባሌን አካሄድ ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳየው የባክቴሪያው በላቦራቶሪ መብቀል ነው። ኦበርማየር ያሳተመው በ1873፤ የቅማሉ ግርሻ ባክቴሪያ ከሰው ውጭ በሰው ሠራሽ ምግብ ላይ የበቀለው በ1994፤ ይኸውም ከኢትዮጵያ ሕሙማን ደም ነው። በመካከሉ 121 ዓመት አለ። ኬሊ የተባለው ተመራማሪ በ1971 የአሜሪካኑን የመዥገር ግርሻ ባክቴሪያ የሚያበቅል ምግብ ቀምሞ ነበር። ከዚያ በሃሚልተን ይሠራ የነበረው ቪሊ ቡርግዶርፈር ከሎንግ አይላንድ በመጡ መዥገሮች ውስጥ ጠመዝማዛ ባክቴሪያ አይቶ በ1982 አሳተመ፤ ይህም የላይም በሽታ መንሥኤ ሆኖ ተገኘ። ቡርግዶርፈር ያየውን ወዲያው ያወቀው በስዊዘርላንድ ተማሪ ሳለ የመመረቂያ ጥናቱን የሠራው በአፍሪካ የግርሻ መዥገር ላይ ስለ ነበር ነው። የኬሊ ምግብ ለላይም ባክቴሪያ ሲባል ተሻሻለ፤ ገንዘቡም ተመራማሪውም ወደዚያ ጎረፈ፤ «ቦረሊያ» ማለት ላይም ማለት እስኪመስል ድረስ። ከዚያ ትርፍራፊው ወደ እኛ መጣ፤ በ1994 የቅማሉን ባክቴሪያ ያበቀለው ያው የተሻሻለ ምግብ ነው። የአፍሪካ መዥገር ያስተማረው ዓይን የአሜሪካን በሽታ አገኘ፤ የአሜሪካ በሽታ ያሻሻለው ምግብ የአፍሪካን ባክቴሪያ አበቀለ። በ2008 የዘረ መሉ ሙሉ ንባብ ሲወጣም፣ የቅማሉ ባክቴሪያ ያው ቡርግዶርፈር በተማሪነቱ ያጠናው የአፍሪካ መዥገር ባክቴሪያ ተሸርሽሮ የቀረ ዘመድ መስሎ ታየ።

ከዚያም 2015 መጣ። ከአፍሪካ ቀንድ የተነሡ ስደተኞች በረሃና ባሕር ተሻግረው ኔዘርላንድ፣ ጀርመን፣ ጣሊያንና ስዊዘርላንድ ሲደርሱ በአንዳንዶቹ ደም ውስጥ የኦበርማየር ክሮች ታዩ። ብዙዎቹ የተያዙት በመንገድ ላይ፣ በተጨናነቁ ማቆያዎች እንደ ነበር ይታመናል። አውሮፓ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ረስቶት የነበረ በሽታ በታላላቅ መጽሔቶች ላይ እንደገና ርዕስ ሆነ፤ የሞለኪውል ምርመራዎች ተሠሩ፤ የዘረ መል ንባቦች ወጡ። የአውሮፓን ሐኪሞች ለዚህ ልንወቅሳቸው አይገባም፤ በፊታቸው የተኛውን ሕሙም መርምረው ያዩትን ጻፉ፤ ስሚዝም ያደረገው ይህንኑ ነው። በአገራችን ግን በሽታው ከ2015 በፊትም ነበረ፤ ዛሬም አልጠፋም። በእኛ ፊት የተኛው ሕሙም ጥያቄ ሆኖ የሚጻፈው መቼ ነው?

ይህ የምኞት ነገር እንዳይመስል አንድ ተጨባጭ ጉዳይ ላንሣ። የግርሻ ባክቴሪያ በጤና ጣቢያ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ ወባ ሲፈለግ ነው። የላቦራቶሪ ባለሙያው በጊምሳ በተቀለመው የደም ናሙና ላይ የወባን ተሕዋሲ ሲያስስ፣ በቀይ የደም ሕዋሳት መካከል የተጠማዘዘውን ክር ያያል። ፈጣኑ የወባ መመርመሪያ በጤና ኬላና ማይክሮስኮፕ በሌለበት ሁሉ ብዙ ሕይወት አትርፏል። ነገር ግን ከወባ በቀር የሚያየው የለም። ማይክሮስኮፑ በቆመበት ቦታ ሁሉ ያ በአጋጣሚ የሚገኘው ክርም አብሮ ይቀራል፤ ሕሙሙም «ወባ የለበትም» ተብሎ ይመለሳል። ከእነዚህ «ወባ የለባቸውም» ከተባሉት ትኩሳታሞች ስንቱ በክረምት ወራት የቦረሊያ ተሸካሚ ነው? ይህን ለመጠየቅ የዘረ መል አንባቢ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ስላይድ፣ ቀለም፣ መዝገብና ሁለት ክረምት ይበቃል። መናወጡን በተመለከተም በጤና ጣቢያ ደረጃ፣ ባለው ፔኒሲሊንና ቴትራሳይክሊን፣ ባለው ፈሳሽ፣ ሕሙሙን ስንት ሰዓት አስተኝቶ መጠበቅ እንደሚበጅ በጥንቃቄ መዝግቦ ማወቅ ይቻላል።

ደ ክራይፍን ለተማሪዎቼ አሁንም አውሳለሁ። ስለ ስሚዝ የሚተርከውን ምዕራፍ አስቀድመው እንዲያነቡ፣ ከዚያም የ1970ውን የ62 ሕሙማን ጥናት ከጎኑ አድርገው እንዲመለከቱት እነግራቸዋለሁ። የመጀመሪያው መስክ ምን እንደሆነ ያሳያቸዋል፤ ሁለተኛው ሕሙም። ባለፈው ክረምት አንዷ ተማሪ የጤና ጣቢያዋን የወባ መዝገብ ወደ ኋላ ገልጣ «ሌላ የታየ ነገር» በሚለው ዓምድ ሥር የተጻፈውን መቁጠር ጀምራለች። በብዙዎቹ ገጾች ላይ ዓምዱ ባዶ ነው።